ያልተገኘው የእናትሽ ካርድ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባልሽስ? ትንሹ ልጅሽን ጉንፋኑ ለቀቀው? ከዚህ ቀጥዬ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ማለት ልማዴ ነበር። ዛሬ እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሱ አይቀርም። ደህና ግን አይደለሁም። ያመመኝም ወገቤን ብቻ አይደለም።

ልጄ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እናትሽን ትልቁ ሆስፒታል ወስጄ አሳይቻታለሁ፣ ራጅ ተነሥታ ምንም የለባትም ብለዋል እያልኩ ለአንቺም፣ ለአክስትሽም፣ ለለቀስተኛውም የተናገርኩት ውሸት ነው። አልወሰድኳትም። የዚያን ሆስፒታል በር አንድም ቀን አብረን አልረገጥንም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ነገሩን ደጋግሜ ስላወራሁት፣ አንዳንድ ቀን ወረፋ የጠበቅንበት አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ትዝ ይለኛል፤ ያልተቀመጥኩበት ወንበር።

በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን። በሁለተኛው «አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም» ስትዪኝ «መስመሩ ነው» አልኩሽ። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። ከሰባተኛ ክፍል የወጣ ሰው ጽሑፍ ነውና ቢንጋደድ ታገሺኝ።

እናትሽ ልብስ ንጽሕና ቤት ካውያ ላይ ትሠራ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና፣ ቤት ስትገባ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትንሽ ትቆያለች። «ካውያው ነው» ትላለች። እኔም «ካውያው ነው» እላለሁ። ሕመሟን «አከራይሽ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ከመጣም የማይወጣ ነው እያልኩ። «ዛሬም አከራይሽ መጣ?» ስላት አንቺ ከት ብለሽ ትስቂ ነበር። በዚህ እንዳትጸጸቺ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቷ ካሳቃት ትስቃለች። እሷም ትስቅ ነበር፤ ወንበሩን ጥርቅም አድርጋ ይዛ።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችላት። ቀኑም ተቆርጦ ነበር፣ ረቡዕ። በዚያ ሳምንት ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ የደብተር ሥራ ማተሚያ ቤታችንን አጥለቅልቆታል። ወረቀት መቁረጫ ማሽኑን ከእኔ ሌላ የሚችለው የለም ብሎ ኃላፊው ያሞካሸኝ ነበር፤ እኔም አመንኩት። ማክሰኞ ስገባ «በሚቀጥለው ሳምንት ብንሄድስ?» አልኳት። «ደህና ነኝ እኮ፤ ሥራህን አትበድል» አለችኝ። ልጄ፣ የፈለግኩት ይህንኑ ቃል ነበር። ደህና አለመሆኗን በዓይኔ እያየሁ፣ «ደህና ነኝ» ያለችኝን እንደ ፈቃድ ወረቀት ተቀበልኳት። የሚቀጥለው ሳምንት ሰባት ወር ሆነ።

ውሸቱ የተወለደበትን ቀንም ልንገርሽ። አክስትሽ ደወለች። «እህቴን ሐኪም አሳየሃት፣ ወይስ አሁንም ‹ይሻላታል› እያልክ ነው?» አለችኝ፣ በዚያ በምታውቂው አንደበቷ። ደሜ ፈላ። «ታይታለች፤ ራጅም ተነሥታለች፤ ምንም የለባትም አሉ» አልኳት። እናትሽ እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብላ አንሶላ ታጥፍ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ተቀብላ «ውሸቱን ነው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም፤ ማጠፏን ቀጠለች። ስልኩን ስዘጋ «ጫፉን ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት። አጠፍነው። ስለዚያ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ እስከ መጨረሻዋ አልተነጋገርንም። ጎረቤት ሲጠይቃት እሷም «ታይቻለሁ፣ ምንም የለብሽም ብለውኛል» ማለት ጀመረች። በሌላ ሴት እንዲህ ሲደረግ ባይ ኖሮ ባልየውን የምለውን አውቃለሁ።

በአምቡላንስ የገባችው ለቤታችን የሚቀርበው ሌላ ሆስፒታል ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ስታርፍ «ድንገተኛ ሌላ በሽታ ነው» አልኩሽ። የክፍሉ ሐኪም ወደ ኮሪደር አውጥቶኝ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብሎ እንደጠየቀኝ አልነገርኩሽም።

አሁን ለምን እንደምነግርሽ ትጠይቂ ይሆናል። ምክንያቱ አንቺው ነሽ። ግን ነገሩ የጀመረው ከማተሚያ ቤታችን ነውና ከዚያ ልነሣ።

ከአምስት ወር በፊት ከትልቁ ሆስፒታል የመጣ ሥራ ነበር። አንገትና ጀርባቸውን ከሦስት ወር በላይ የሚያማቸው ሰዎች እንዴት ቢመረመሩ፣ እንዴት ቢታከሙ እንደሚሻል የሚያጠና ጥናት አለ። የጥናቱን መጠይቅ እኛ አተምነው፤ እኔ ቆረጥኩት። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቀጭን መስመር አለ። በአንዱ ጫፍ «ምንም ሕመም የለም»፣ በሌላው ጫፍ «ከዚህ የባሰ አይታሰብም» ይላል። ታማሚው ሕመሙን በመስመሩ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ እነሱ ከጫፍ ጀምረው በማስመሪያ ይለኩታል።

በማግሥቱ የጥናቱ ኃላፊ፣ አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት፣ ማስመሪያ ይዛ ከተፍ አለች። «ይህ መስመር አሥር ሳንቲሜትር መሆን ነበረበት። ዘጠኝ ከስድስት ሚሊሜትር ነው» አለች። አታሚው ገጹ እንዲገባለት ብሎ ትንሽ አሳንሶት ኖሯል። «እመቤቴ፣ አራት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች? ሕመማቸውን ቀነስንላቸው እንጂ ምን በደልን» አላት። «እኔ ሳላክማቸው እናንተ አክማችሁ ጨረሳችኋ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለማስመሪያዋ እንላታለን። ሥራው ሁሉ እንደገና ታተመ።

የተበላሸውን እሽግ ላነሣ ጎንበስ ስል ወገቤን ያዝኩ። አየችኝ። «ጋሼ፣ ይህ ነገር ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችኝ። «እኔ እንጃ፤ ከማሽኑ ጋር በአንድ ቀን ነው የገባነው» አልኳት። አልሳቀችም። «አንገትዎትንስ?» አለችኝ። ጥናቱ ውስጥ የገባሁት እንዲህ ነው።

የመመርመሪያ ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ የጀርባ አጥንት ከምስማር ላይ ተንጠልጥሎ። ምርመራው የተጀመረው እኔ ሳላውቀው ነበር። በሩን ስከፍት፣ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ስቀመጥ ታይ ነበር ለካ። ጎንበስ ይበሉ፣ ይዙሩ፣ በጣትዎ ይራመዱ፣ በተረከዝዎ ይራመዱ አለችኝ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ተቀመጥንና «ሕመሙ ዛሬ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«አሜን። ምስጋናውን እኔም አብሬዎት አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥሩን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ሁለት አልኳት። ስድስት ነበር። ምን ልበልሽ፣ ስድስት ማለት በፈጣሪ ላይ ማጉረምረም መሰለኝ። እሷም ሁለት ብላ ጻፈች። ሦስት ሳምንት ሁለት፣ ሁለት እያልኩ ከጻፍኩ በኋላ ግን ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችና «ጋሼ፣ ከሁለት ከተነሡ ሲሻልዎት ወዴት ሊወርዱ ነው? ደግሞ ሁለት የሆነ ሰው ካልሲውን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም» አለችኝ። አፈርኩ። ቤቴ ገብቼ ስጸልይ ስለዚህ ነገር አሰብኩ። ማመስገን ሌላ ነው፣ መደበቅ ሌላ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አንዱን በሌላው ስሸፍን ኖርኩ። የእኔን ብቻ ቢሆን ባልከፋ።

ወደዚያች የመጀመሪያ ቀን ልመለስ። «አሁን የምጠይቅዎትን ብዙ ሰው ‹አይ› ብሎ ነው የሚያልፈው» አለችኝ። «አንዱን እንኳ ‹አዎ› ካሉኝ ግን እንቅስቃሴ አልሰጥዎትም፤ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ሐኪም ነው የምልክዎት። ስለዚህ አስበው ይመልሱልኝ።» ሳይፈልጉ ከስተዋል ወይ? አለችኝ። አይ አልኩ። ትኩሳት፣ ላብ? አይ። እግርዎት እየከዳዎት፣ እየደነዘዘዎት? አይ። ልጄ፣ አፌ አይ ይላል፤ ዓይኔ ግን እናትሽን ያያል። የቀሚሷን ወገብ በመርፌ ቁልፍ ስትሰበስብ። ደረጃው ላይ ቆማ «ቆይ፣ እግሬ ተኛ» ስትል። «ሲተኙ ይብስብዎታል ወይ? ጋደም ማለት አቅቶዎት ቁጭ ብለው ያድራሉ ወይ?» ስትለኝ፣ «አዎ፣ ወንበር ላይ ነበር የምትተኛው» አልኩ።

እስክርቢቶውን አስቀመጠች። «ማን?»

«ባለቤቴ» አልኳት።

«አሁን የት ናቸው?» አለችኝ። ማረፏን ነገርኳት። «ታይተው ነበር?» ስትለኝ፣ አስቢው ልጄ፣ በዚያች ክፍል፣ ያን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ፣ ምላሴ የለመደውን መንገድ ያዘ። «ታይታለች፤ ምንም የለባትም ብለዋት ነበር» አልኳት። «ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለች በቀስታ። ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አጥንት አየሁ። አልገፋችም። ወደ እኔ ወገብ ተመለሰች።

የእኔ ነገር የሚያስፈራ አልነበረም። እንደ እኔ ካሉት ስምንት ሰዎች ጋር በሳምንት ሁለት ቀን እንሰበሰባለን። እንቅስቃሴ እንሠራለን፤ ስለ ሕመሙም ትነግረናለች። ራጅ ላይ አልታየም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም ትላለች። ሰውነት አንዴ ከተጎዳ በኋላ ቁስሉ ቢድንም መጠንቀቁን አይተውም፤ በትንሹም ይጮሃል። እኔ ይህ ገባኝ። መቁረጫ ማሽናችን እጅ ሲገባበት የሚያቆመው ጠባቂ ነገር አለው። ሲያረጅ ዝንብ ብታልፍም ያቆማል። ጠባቂውን ነቅሎ መጣል ሞኝነት ነው፤ ማሽኑንም መጣል ሞኝነት ነው። ቀስ እያልሽ ታስተካክይዋለሽ። ይህን ስናገር ባለማስመሪያዋ ደስ ብሏት ጻፈችው።

ከእኛ መሀል አንዱ የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አንገቱ ወደ ግራ የማይዞር ሰውዬ። «ሚስቴ የምትተኛው በግራ በኩል ነው፤ ተኳርፈን የምንኖር ይመስላታል» ሲል ሕመማችንን ያስረሳናል። ተግባባን። ስለ እናትሽ አውርቼለታለሁ፣ ያንን የምታውቂውን ወሬ። አሁን ስድስቴ አራት ደርሷል፤ በእውነተኛው ቁጥር። እሽጉንም ከጉልበቴ ነው የማነሣው።

እንግዲህ የዛሬ ሦስት ሳምንት አንቺ ደወልሽ። አንገትና ጀርባሽን እንደሚያምሽ አውቅ ነበር። ሕፃናት የሚያስተምር ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ነው፣ ከነዚያ ከትንንሽ ወንበሮች ጋር፣ ብዬ ነበር። ያን ቀን ግን እየሳቅሽ «አባዬ፣ አልጋውን ለባሌና ለልጄ ለቅቄላቸው እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፤ ጋደም ካልኩ ይብስብኛል» አልሽኝ። ቀጠልሽና ጉርዶችሽን ሁሉ ልታስጠብቢ እንደሆነ፣ «ሳልጾም ቀጠንኩልህ» ብለሽ ቀለድሽ። «ነይና ታዪ» አልኩሽ። «እማዬስ ታይታ ምን አገኙ? ራጅ ተነሥታ ምንም የለብሽም አይደል ያሏት? የዘር ነው አባዬ፤ እንችለዋለን» አልሽኝ። ባልሽም ከኋላሽ «አባባ፣ የእናቷ ነው፤ እንደ እናቷ ጠንካራ ናት» ሲል ሰማሁት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ስለ ዝናቡ ያወራነው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ለባለማስመሪያዋ አንቺን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ይህን ይያዙልኝ» አለችኝ። «ግን ቁጭ ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ትምጣ።» እምቢ ማለትሽንና ምክንያትሽን ስነግራት፣ «እንግዲያው የእናቷን ካርድ ላስወጣ። ያኔ ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳላዩ በዓይኔ ልይና እኔው ራሴ እደውልላታለሁ» አለች። ስሟንና ዓመቱን ወሰደች። እኔም ሰጠኋት። እናትሽ ያረፈችበት ሆስፒታል የዚያን ዘመን ካርድ አስወግዶታል፤ ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ ያልተነሣው ራጅ ላይ ነበር።

ይህ እስኪጣራ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በዚህ ሳምንት ካርዱን እንዲፈልግ የተላከው ያ የካርድ ክፍሉ ወዳጄ ነው።

የአሮጌ ካርድ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። እስከ ጣሪያ በሚደርስ መደርደሪያ የታጨቀ፣ በሲባጎ የታሰረ ወረቀት። ትናንት ሰኞ ጠየቅኩት፣ «አልተገኘም፣ ግን የት አባቱ ይሄዳል» አለኝ። ዛሬ ሲከነክነኝ ዋለና ከሥራ ወጥቼ ወረድኩ። መሰላል ላይ ነው። አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ፣ ያቺን የማትዞር አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ከአቧራው ብዛት ያስነጥሳል። «ስሟን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ፈልጌዋለሁ» አለኝ ከላይ ሆኖ። «ጸሐፊዎቹ ፊደል ይስቱ ነበር። ዓመቱንም አንድ ወደፊት አንድ ወደኋላ አይቻለሁ። አንተ ብቻ አትዘን፤ የሞተች ሴት ካርድ በእኔ እጅ አይጠፋም።»

«ውረድ» አልኩት።

«ይቺን እሽግ ልጨርስ።»

«ውረድ ወንድሜ። የለም። መጥታ አታውቅም።»

የሰማ አልመሰለኝም። ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠ ወረደና መጨረሻዋ ላይ ተቀመጠ። ሻርፑን ፈታ። የሚያሾፍበት ነገር ይፈልግ ይሆን ብዬ ፊቱን ጠበቅኩ፤ አልፈለገም። «ሁለት ቀን ሙሉ» አለ። እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። «ለባለማስመሪያዋ አንተ ንገራት። እኔ ‹አልተገኘም› ብዬ ላልፍልህ እችል ነበር፤ ግን ያቺ ልጅህ አለች» አለኝ።

ልጄ፣ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ደጋግሞ ፈትኖኛል። ካርድ ይጠፋል። ማንም አይጠይቅም። እኔም እንደ ዱሮዬ ንጹሕ ሆኜ እኖራለሁ። ደረጃውን ስወጣ ይህን ሁሉ አስቤያለሁ፤ ከአንቺ የምደብቀው ስለሌለኝ ነው የምጽፈው። የባለማስመሪያዋ በር ላይ ስደርስ ግን የታየኝ አንቺ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ ነው።

ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀት ሳበችና መጠየቅ ጀመረች። ሕመሙ መቼ ጀመረ? መቼ ከሳች? እግሯ መቼ ከዳት? ሳል ነበራት ወይ? ለሁሉም መለስኩ፣ ለካ ሁሉንም አውቀው ነበር። ወሩን ሳይቀር አውቀው ነበር። ምንም አላየሁም ብዬ ራሴን ሳሳምን የኖርኩት ሰውዬ፣ እንደ መዝገብ አንድ ሳላስቀር አወጣሁላት። በመጨረሻ እኔ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ያኔ ብትታይ ኖሮ ብዬ። መለሰችልኝ። መልሷን እዚህ አልጽፈውም። መጥተሽ ከጠየቅሽኝ ግን ዓይኔን ከዓይንሽ ሳልነቅል እነግርሻለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ትናንት ለባልሽ ደወልኩ። ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ «አባባ፣ አንድ ጊዜ» ብሎ የሚጮኸውን ሞተር አጠፋ። አማች ነው፤ ልጅ ቢሆንም አማች አማች ነው። ከእሱ ፊት ከምዋረድ ብዙ ነገር ብመርጥ ደስ ባለኝ። ግን «የእናቷ ነው» የሚለውን ቃል ያስያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ከአፉ ማውጣት ያለብኝም እኔ ነበርኩ። አንድ በአንድ ነገርኩት። «አባባ፣ ይህን ለመናገር ይህን ሁሉ ዓመት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እኔም እኮ ስምንት ወር ሙሉ ‹ጠንካራ ነሽ› እያልኩ አስቀመጥኳት» አለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ሰኞ ይዣት እመጣለሁ። ብትፈልግም ባትፈልግም። ለእሷስ ማን ይንገራት?» አለኝ። «እኔ። እየጻፍኩላት ነው» አልኩት። ደብዳቤው እጅሽ እስኪገባ እንደማይተነፍስ ቃሉን ሰጥቶኛል። ነገ ጠዋት በሚነሣው አውቶቡስ እልከዋለሁ፤ ቅዳሜ ይደርስሻል።

ይቅር በዪኝ ብዬ ዛሬ አልለምንሽም። ይቅርታ ለመለመን እንኳ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ትታያለሽ። እኔ ወንበር ይዤ ደጅ እጠብቅሻለሁ። የሚሆነው ምንም ይሁን ምን አብረን እንሰማዋለን። ከዚያ በኋላ ልትቆጪኝ ብትፈልጊ፣ ዝም ልትዪኝ ብትፈልጊ፣ አባት አይደለህም ብትዪኝም የሚገባኝ ነው። ለአክስትሽም የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ አለ፤ እሱን ከአንቺ በኋላ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዛሬ ከቀትር በኋላ ባለማስመሪያዋ የአንቺን የቀጠሮ ቅጽ አወጣች። ስምሽን፣ ዕድሜሽን፣ ሥራሽን እሷ ሞላች። «የቤተሰብ ሕመም» የሚለው ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችልኝ። መረጃውን የሰጠው ሰው በራሱ እጅ ጽፎ መፈረም አለበት አለችኝ። «እናት» የሚል ቃል አለ፤ አጠገቡ ባዶ መስመር። ስቆርጠው የኖርኩት ወረቀት ነው፤ ስጽፍበት የመጀመሪያዬ ነው። «በአምቡላንስ እስክትገባ ድረስ ለዚህ ሕመም በሐኪም አልታየችም። ሪፈር ተጽፎላት ነበር። ያላሳያት ባሏ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። «የመጨረሻው እንኳ አያስፈልግም ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። እንዲቆይ ነገርኳት። ቀኑን ጻፍኩና ፈረምኩበት።

እናትሽን የተቀበለ አምላክ አንቺን በእጁ ይያዝልኝ። ትንሹን ልጅሽን እያሳደግሽ፣ እያስተማርሽ፣ ጋደም ብለሽ እንቅልፍ የምትጠግቢበትን ቀን ያሳየኝ። ባልሽን ይባርክልኝ። ሰኞ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ